ማስተካከያ፦ ስለ አል-ሸባብ አነሳስና መዳከም

ባለፈው ስለ ሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አል-ሸባብ ባቀረብነው ጽሑፍ ቡድኑ "የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ ከገባ በኋላ ተመሠረተ" ብለን ነበር። ስሕተት ነው። ጦሩ ከተማዋን የያዘው በታኅሣሥ 2006 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሆን፣ አል-ሸባብ ከዚያ በፊት በእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት (ያኔ ሞቃዲሾን ይገዛ በነበረው ቡድን) ሥር የታጠቀ የወጣቶች ክንፍ ነበር፤ ስሙም "ወጣቶቹ" ማለት ነው። የጦሩ መግባት ያደረገው ኅብረቱን በትኖ ይህን ክንፍ ለብቻው ማስቀረት ነው። "ወራሪን እንዋጋለን" የሚለው ቅስቀሳም ብዙ ምልምል አስገኘለት።

ሁለተኛው ስሕተት ይብሳል። "የኬንያ ጦር ከሞቃዲሾ አስወጣው" ብለን ጽፈናል። ቡድኑ ከዋና ከተማዋ የወጣው በነሐሴ 2011 ነው፤ ኬንያ ድንበር የተሻገረችው ደግሞ በጥቅምት። የባካራ ገበያን ጨምሮ በየመንደሩ የተዋጉት ከሶማሊያ መንግሥት ኃይሎች ጋር የተሰለፉት የኡጋንዳና የቡሩንዲ ወታደሮች ናቸው። ቀኑን ብናመሳክር ኖሮ ይህ ባልተፈጠረ።

የኬንያ ጦር ድርሻ በደቡብ ሶማሊያዋ የወደብ ከተማ ኪስማዮ ላይ ነው። ከተማዋ በ2012 ከቡድኑ እጅ ስትወጣ ቡድኑ ከከሰል ንግድ ቀረጥ የሚሰበስብባት ዋና በሩ ተዘጋ። በመስከረም 2014 መሪው አህመድ ጎዳኔ በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተገደለ፤ በወሩ የባራዌ ወደብም ከእጁ ወጣ።

ቡድኑ "ተደመሰሰ" ያልነውንም ሰርዘናል። በጥቅምት 2017 ሞቃዲሾ ውስጥ ከ500 በላይ ሰው የፈጀውና ቡድኑ አደረሰው የሚባለው የጭነት መኪና ፍንዳታ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።