ሽጉጡ አሁን የት ነው ያለው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከራሴ ነው የምጀምረው፤ እናንተም ግን አታመልጡም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024፣ በእኛ ነሐሴ 29፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት፣ ዋይንደር ከተማ ባለው አፓላቺ ሃይስኩል ተኩስ ተከፈተ። ሁለት የ14 ዓመት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሞቱ። ዋይንደር እኛ ካለንበት ከክላርክስተን በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የዚያን ቀን ስንቶቻችን ሥራ ጥለን ስልክ ስንቀጠቅጥ እንደዋልን እናውቃለን። የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት ሌላ ካውንቲ ነው። ቢሆንም "ደህና ነኝ" የሚለው ቴክስት እስኪገባ ድረስ መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ተሰበሰብን። ወሬው ሌላ ሊሆን አይችልም። ገና አቦሉ ሳይቀዳ ለሁለት ተከፈልን። አንዱ ወገን "መሣሪያውን ካልለቀሙት ይቺ አገር አትድንም" ይላል። ሌላው "መብቴ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል" ይላል። የቤቱ ጌታ፣ ወዳጄ፣ ከመብት ወገን ነው። ሌሊት የሚሠራ ጋዝ ስቴሽን አለው። አንዴ ፊቱ ላይ ሽጉጥ ደግነውበት ዘርፈውታል። ስለዚህ ሲናገር ከሆዱ ነው፣ አልፈርድበትም።

በመሐል "ቆይ ላሳያችሁ" ብሎ ተነሳና መኝታ ቤት ገባ። ሲኒ ተቀድቶ ሳይዞር ሽጉጡን ይዞ ወጣ። ካዝና አልከፈተም፣ ቁልፍ አልፈለገም። ከትራስ ሥር ነው ያመጣው። ጥይት ጎርሷል። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ትንሹ ልጁ ፈንዲሻ ሊወስድ ከቤዝመንት ወጥቶ ነበር። አየና፣ ምንም ሳይደነግጥ፣ "አባዬ፣ ከመሳቢያው ቀየርከው እንዴ?" አለ።

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ሳቅ ነው።

ወገኖቼ፣ ክርክሩ ዋሽንግተን ላይ ነው፤ ሽጉጡ ያለው ግን ትራሳችን ሥር ነው። ፕሬዝዳንቱን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ ትምህርት ቤት ላይ የተፈጸሙ ጥቃቶችን አጥንቶ በ2019 ያወጣው ሪፖርት አለ። በመሣሪያ ከተፈጸሙት ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛ በሚጠጉት መሣሪያው የተገኘው ከወላጅ ወይም ከቅርብ ዘመድ ቤት ነው። ከጥቁር ገበያ አይደለም። ከቁም ሳጥን፣ ከመኪና፣ ከመሳቢያ ነው።

የዋይንደሩን ነገር እዩት። በ2023 ግንቦት አካባቢ፣ ኢንተርኔት ላይ ትምህርት ቤት ስለመተኮስ የተጻፈ ዛቻ ኤፍቢአይ ጋ ደረሰ። የአካባቢው ፖሊስ፣ በኋላ በዋይንደሩ ተኩስ የተያዘው ልጅ ቤት ሄዶ እሱንና አባቱን አነጋገረ። ልጁ ያኔ 13 ዓመቱ ነው፣ እኔ አልጻፍኩም አለ። አባትየው የአደን መሣሪያ ቤት ውስጥ እንዳለ፣ ልጁ ግን ብቻውን እንደማይነካው ተናገረ። ከዚያስ? ዐቃቤ ሕግ እንዳለው፣ በዚያው ዓመት ለገና ለልጁ ጠመንጃ ስጦታ ሰጠው። ፖሊስ በሩን ካንኳኳ ወራት አልፎ! አባትየው ከተኩሱ ማግስት ታሰረ፣ በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጭምር ተከሰሰ።

ከእሱ በፊት ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ የኦክስፎርድ ሃይስኩል ነገር አለ። ኖቬምበር 30 ቀን 2021 አንድ የ15 ዓመት ልጅ አራት ተማሪዎችን ገደለ። ሽጉጡን አባቱ የገዛው ከአራት ቀን በፊት፣ በብላክ ፍራይደይ ነው። በተኩሱ ቀን ጠዋት መምህርቷ በልጁ ወረቀት ላይ የሽጉጥ ሥዕልና "እርዱኝ" የሚል ጽሑፍ እንዳለ አይታ፣ ትምህርት ቤቱ ወላጆቹን ጠራ። መጡ። ወደ ቤት ግን አልወሰዱትም። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሽጉጡ ቦርሳው ውስጥ ነበር፣ ቦርሳውን የከፈተ ሰው የለም። ፍርድ ቤት ከወጣው ሁሉ እኔ ጭንቅላት ውስጥ የቀረችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፦ ቤታቸው ሌሎች ሽጉጦች የሚቀመጡባት ካዝና ነበረች፣ የመክፈቻ ቁጥሯ ከፋብሪካ እንደመጣች 0-0-0 ነው።

እናትና አባት በየተራ ቀርበው በ2024 ሆን ተብሎ ባልተፈጸመ የሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። በአሜሪካ ታሪክ በልጃቸው የትምህርት ቤት ጅምላ ግድያ እንዲህ የተፈረደባቸው የመጀመሪያዎቹ ወላጆች ናቸው። ጥፋተኛ ያሏቸው ደግሞ እንደኔና እንደናንተ በፖስታ የተጠሩ ተራ ዜጎች፣ የጁሪ አባላት ናቸው።

ጁሪ ስል ትዝ አለኝ። ብዙዎቻችን ዜግነት ስንወስድ የያኔውን የዜግነት ፈተና መቶ ጥያቄዎች ሸምድደናል። አውቶቡስ ላይ፣ ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ፣ ሌሊት ፈረቃ ላይ። 51ኛው ጥያቄ እዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ያለውን ሁለት መብት ጥቀስ ይል ነበር፤ ከመልሶቹ አንዱ መሣሪያ መያዝ ነበር። ይህቺን ሁላችንም እናስታውሳለን። 49ኛው ግን ምን ነበር? የዜጋ ብቻ የሆነ አንድ ኃላፊነት ጥቀስ። መልሱ ጁሪ ሆኖ ማገልገል ወይም በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ነበር። የጁሪ ደብዳቤ ሲመጣ እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ ለማምለጥ የምትሞክሩ፣ እናንተን ነው የምለው።

"መሣሪያው ይለቀም" ባዮችም በዚህ አታመልጡም። ቡና ላይ ትጮሃላችሁ፣ ለስቴቱ ምክር ቤት ምርጫ ግን ብቅ አትሉም። የሰፈራችሁ ተወካይ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቁም። ጆርጂያ በ2022 ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድን የፈቀደችው በዚያው ምክር ቤት ነው። ከዋይንደር በኋላ በ2025 የትምህርት ቤት ደኅንነት ሕግ ወጥቷል። ስለ ዛቻና ስለ መረጃ ልውውጥ ይናገራል፤ ቤታችሁ ያለውን መሣሪያ ቆልፉ ግን አይልም። ያን ሰሞን ስንቶቻችሁ ለተወካያችሁ ደወላችሁ?

ወደ መብት ወገኖች ልመለስ። "ካዝና ስከፍት ሌባው ይገድለኛል" ትላላችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 በሄለር ጉዳይ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ተፈታቶ ወይም ቃታው ተቆልፎ ይቀመጥ ያለችበትን ሕግ እንደሻረ ትጠቅሳላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሽሯል። ግን ያው ውሳኔ መብቱ ገደብ የለሽ አይደለም ይላል። መንግሥት አያስገድደኝም ማለትና ልጄ እጅ ይግባ ማለት ለየቅል ናቸው። ዛሬ በጣት አሻራ በሰከንዶች የሚከፈት ሣጥን ይሸጣል። ለስልካችን ካወጣነው ዋጋ አይበልጥም። ባንገዛ እንኳ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች የሽቦ መቆለፊያ በነፃ ይሰጣሉ። ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።

"እኛ ከጠመንጃ ጋር ነው ያደግነው" የሚለውንም ተዉት። እኔም አይቻለሁ። አያቴ ቤት ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ጥይቱ ግን ዝናሩ ውስጥ፣ ዝናሩ ደግሞ አያቴ ወገብ ላይ ነበር። ማታ ሲተኛም ከራስጌው አይርቅም። ልጅ ጠመንጃውን ሊነካ ይቅርና ሥሩ ቆሞ ከተገኘ አለንጋ ነበረች። ለካዝና የሚሆን ብር ያልነበረው ገበሬ ጥይቱን ከጠመንጃው ለይቶ ማስቀመጥን ያውቅ ነበር። እኛ የወረስነው ፉከራውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዝቅ አድርጌ ልናገር። በዚህ አገር በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን የሚያጠፋ ነው። እኛ ዘንድ ይህ አይነገርም። "በድንገት አረፈ" ተብሎ ለቅሶ እንቀመጣለን። የጨነቀው የ16 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ፣ ከሌባው በፊት የምትፈሩለት እሱን ነው።

አሁን ልጆቼ ሰው ቤት ሊያድሩ ሲሉ እጠይቃለሁ። "ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?" እላለሁ። መጀመሪያ አፌ ተሳሰረ። ለሀበሻ እንዲህ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ይመስላል። ውሻ ይናከሳል ወይ፣ ኦቾሎኒ አለ ወይ ብለን ስንጠይቅ ማንም አይቀየመንም፤ ይህንም እንዲሁ ልመዱት። አንዲት እናት ትንሽ ዝም ካለች በኋላ "ቆይ፣ ባለቤቴን ልጠይቀው" አለችኝ። እሷም አታውቅም ነበር።

ያን የጋዝ ስቴሽኑን ወዳጄንም በሳምንቱ ደወልኩለት። ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ከዚያ ተቆጣሁት። ተቆጥቶ ስልኩን ዘጋብኝ። አሥራ አምስት ቀን አልተነጋገርንም። አንድ ማታ ራሱ ደወለ።

"ካዝናው መጣልህ፣" አለኝ። "ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርኩት።"

"ቁጥሩስ?"

"እንዳልረሳው የትንሹን ልጅ ልደት አደረግሁት።"

"ተነስና ቀይረው፣" አልኩት፣ "አሁኑኑ። ስልኩን አልዘጋም፣ እጠብቅሃለሁ።"