ይድረስ ለክቡር ሼር አድራጊ

ክቡር ሼር አድራጊ ሆይ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነስቻለሁ።

የድሮው አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት አስጎስሞ፣ ገበያ መሐል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ቢያንስ የላከውን ያውቅ ነበር። እርስዎ ይህ ሁሉ ጣጣ የለብዎትም። ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ፎቶው ከየትኛው አገር ጦርነት እንደተነሣ ሳይጠይቁ ለዘመድ አዝማዱ፣ ለዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕና ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦችዎ ያዳርሳሉ። እኛ ሰነፎቹ ሊንኩን ከፍተን እስከ ታች አንብበን እስክንጨርስ እርስዎ ሦስት ግሩፕ አዳርሰው ቡናዎን ፉት ይላሉ።

ትናንት ማታ የላኩልንን ብቻ እንይ። ከላይ በቀይ «ሰበር ዜና»፣ አጠገቡ አራት ቃለ አጋኖ፣ ዝቅ ሲል «ከታማኝ የውስጥ ምንጭ»፣ መጨረሻው ላይ «ሳይጠፋ ሼር አድርጉት»። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! ወሬው ሳይጣራ ቢቀር ግድ የለም፤ ሳይሰራጭ ከጠፋ ግን አገር ያልቃል። አንድ ነገረኛ «ምንጩ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ እንደ ደረሰኝ ነው» አሉት፤ ከሥሩም እጅ ለእጅ የተጋጠሙ መዳፎች ለጠፉ። ነገረኛው ከግሩፑ ወጣ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ያሉት አባቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውማ።

ሕጉም ቢሆን እርስዎን አልረሳም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የካቲት 2012 ፓርላማ ሲቀርብ 23 አባላት ተቃውመውት ጸድቋል። አዋጁ «ማሰራጨት» ሲል ላይክና ታግ ማድረግን አይጨምርም። ስለዚህ ጎረቤትዎ የሚሰደብበትን ጽሑፍ በላይክ ሊባርኩት ይችላሉ። ሼር ግን ለብዙ ሰው ማዳረስ ነውና ምሕረቱ አላገኛትም። ይህን እስካሁን አለመስማትዎ አይገርምም፤ አዋጁን ማን ሼር አደረገውና!

ቁጥሩ ደግሞ የባሰ ያስደስታል። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ከ5,000 በላይ ተከታይ ላለው ሰው እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ መቀጮውም እስከ 100,000 ብር ያድጋል። ፌስቡክ በበኩሉ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው 5,000 ጓደኛ ነው። እንግዲህ ባለፈው «ጓደኛ ስለሞላብኝ ወደ ፔጄ ኑልኝ» ብለው የለጠፉት ነገር፣ ከአንድ ዓመቱ ወደ ሦስት ዓመቱ ለመዛወር የገባ ማመልከቻ መሆኑ ነው። እንኳን ደስ አልዎት፤ እኔም ፎሎው አድርጌዎታለሁ።

ከዋሽንግተን ላይቭ ገብተው «ዝም አትበሉ፣ ተነሡ» የሚሉን ወገኖቻችን ሐውልት ይገባቸዋል። እሳቱን ከዚያ ይጭሩታል፤ ጭሱ ቪዛ ስለሌለው እነሱ ዘንድ አይደርስም።

መንግሥትም ቢሆን በሙያው አይታማም። የካቲት 2015 ፌስቡክን፣ ቴሌግራምን፣ ዩቲዩብንና ቲክቶክን ዘግቶ አምስት ወር ገደማ አቆየን። ያኔ ቪፒኤን መጫን ያልተማረ አዛውንት አልነበረም። መግለጫውን ግን መሥሪያ ቤቶቹ እዚያው የተዘጋው ፌስቡክ ላይ ይለጥፉልን ነበር፤ እኛም በቪፒኤን ገብተን እናነብላቸው ነበር።

አዋጁ ለእነ ፌስቡክም ሥራ ሰጥቷል፤ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ያንሡ ይላል። ጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሥራ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶአቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዞር ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሜ ጠቁሜ ነበር ይላል። የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል።

ተከሳሹ ሜታ ነው። እርስዎ አይስጉ፤ ጽሑፉን ማን ማን እንዳዳረሰው የጠየቀ የለም።