እምቢ በሉን፤ ግን ለምን?

ቪዛ ጠይቆ ከኤምባሲ በር የወጣ ሰው ምን እንደገጠመው ሳይናገር ይታወቃል። የተሳካለት ጥበቃውን ሳይቀር አመስግኖ ነው የሚወጣው። ያልተሳካለት የተሰጠችውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ይከታታል። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ለሁለቱም ያላቸው ጥያቄ አንድ ነው። «ምን ጠየቁህ?»

«ለምን ከለከሉህ?» የሚል የለም። ቢጠየቅስ ምን ብሎ ይመልሳል? አያውቀውማ።

እኔም ደርሶብኛል። የየትኛው አገር ኤምባሲ እንደሆነ ይቅር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፋይል ሳደራጅ ከረምኩ። የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ ሳይቀር። በየመሃሉ ባለቀለም ወረቀት ለጥፌ፣ የቱ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀው ነበር። በቀጠሮዬ ቀን ስልኬንና ቀበቶዬን ፍተሻ ላይ አስረክቤ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ፣ ፋይሌን በሌላው ይዤ ገባሁ።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ፓስፖርቴን በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ አሳለፍኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሰው ድምፅ የሚመጣው በድምፅ ማጉያ ነው። ለእኔ የሚለውን ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይሰማል ማለት ነው። ደመወዜን ያን ቀን አርባ ሰው አውቆታል። የት ነው የምትሄደው? ማን ነው የሚከፍልልህ? ምን ትሠራለህ? አራተኛ ጥያቄ አልነበረም። ፋይሉን ወደ ቀዳዳዋ ሳስጠጋ መዳፉን አነሳ። አያስፈልግም ማለቱ ነው። ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ጻፈ፣ ቀና ሳይል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ገፋልኝ። ጥያቄዬ ተቀባይነት አላገኘም። የአንቀጽ ቁጥር ተጠቅሷል። ሌላ ምንም የለም። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ምክንያቱን ያገኙልኝ ወዳጆቼ ናቸው። አንዱ «ሸሚዝህ ነው፤ ጥቁር አይለበስም» አለኝ። ሌላው ዓይኑን አላየኸውም አለ። ፈገግታ አብዝተሃል ያለኝም አለ። «ሁለተኛው መስኮት ደርሶህ ነው፤ እዚያ ያለው ሰውዬ ለማንም አይሰጥም» ያለችኝ ደግሞ ራሷ ኤምባሲውን ረግጣው አታውቅም።

ይኼ ሁሉ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ቀልድ ያልሆነው ደላላው ነው። ምክንያት የማይነገርበት ቦታ ሁልጊዜ ምክንያት የሚሸጥ ሰው ይፈጠራል። ደላላው መልስ ያስጠናል። ለአሥር ሰው ያንኑ የአጎት ልጅ ሠርግ ይሸጥላቸዋል፤ መስታወቱ ወዲያ ያለው ሰው ያንኑ ሠርግ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ይሰማል። ከባሰም የሐሰት ስቴትመንት ያሠራል። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ በወሳኝ ጉዳይ ላይ የዋሸ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። በእንግሊዝ ደግሞ እገዳው እስከ 10 ዓመት ይሄዳል። ደላላው ይህን አይነግርህም። ብሩን ተቀብሎ ሄዷል።

«ቃለ መጠይቅ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ሰው ፈተና ይመስለዋል፤ ትክክለኛውን መልስ ካወቅክ ታልፋለህ የሚባል ዓይነት። የአሜሪካን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 ቢ፣ ለጉብኝት ወይም ለትምህርት የሚያመለክተውን ሰው የሚያየው ሄዶ ሊቀር እንዳሰበ አድርጎ ነው። እንዳልሆነ ማሳመን ያለበት አመልካቹ ነው። ፍርድ ቤት ቢሆን ከሳሹ ነበር የሚያስረዳው። እዚህ ተገልብጧል። ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ ደግሞ ፊት ለፊት መቅረብ ጠበቅ ብሏል፤ በ2004 በወጣ ሕግ ከ14 እስከ 79 ዓመት ያለ አመልካች፣ ጥቂት ሰዎች ሲቀሩ፣ በአካል መቅረብ አለበት። ስለዚህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ነጥብህ ከዜሮ አይጀምርም። ከዜሮ በታች ነው።

(«አምባሳደሩን የሚያውቅ ሰው አለኝ» እያላችሁ ለምትደክሙም አንድ ነገር። ቪዛ የቆንስላ ክፍል ሥራ ነው። የአሜሪካ ሕግማ ቪዛ መስጠትና መከልከልን ለቆንስላው ሠራተኛ ለይቶ ስለሰጠው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ራሱ በዚህ ላይ አያዝዘውም። ዘመድ ፍለጋውን እዚያው ተዉት።)

አገር በሩን የመዝጋት መብት አለው። በዚህ አልከራከርም። እኔም ቤቴ ማን እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። ቅር የሚለኝ ዝምታው ነው። አንድ ጉዳይ አለ። የአንዲት አሜሪካዊት ባል ኤልሳልቫዶር በሚገኘው የአሜሪካ ቆንስላ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ በ2015 ተከለከለ። የተሰጠው መልስ አንድ የሕግ አንቀጽ ብቻ ነበር። ባልና ሚስት ከሰሱ። ከተከለከለ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ መንግሥት ምክንያቱን አወጣ፤ ሠራተኛው ሰውዬውን የወንበዴ ቡድን አባል ነው ብሎ አምኗል፣ ካመነባቸው ነገሮች አንዱም ሰውነቱ ላይ ያለው ንቅሳት ነው። ባልየው አባል አይደለሁም ይላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ለመንግሥት ፈረደ። ማን ትክክል እንደነበር እኔ አልዳኝም። ስለ ንቅሳቱ ግን መስኮቱ ላይ ሳለ ቢነገረው ኖሮ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከመክሰስ በፊት ማስረዳት ይጀምር ነበር።

አይቻልም እንዳይባል፣ ተችሎ ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው የቪዛ ደንብ መሠረት፣ የሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች) የከለከሉትን ሰው ምክንያቱን በቅጽ ማሳወቅ አለባቸው፤ ይግባኝ የማለት መብትም አለው። ቅጹ አያጠግብም። የተዘጋጁ ምክንያቶች ተደርድረው ከአጠገባቸው ሳጥን አለ፤ ያንተ ላይ ምልክት ይደረጋል። «ለመመለስ ያለዎት ሐሳብ ያጠራጥራል» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎበት የመጣለት ሰው ብዙ አልተጠቀመም። ቢሆንም ጥርጣሬው የገንዘብ ይሁን የመመለስ ያውቃል። ካናዳ ደግሞ በ2025 ከአንዳንድ የእምቢታ ደብዳቤዎች ጋር ወሳኙ ሠራተኛ የጻፈውን ማስታወሻ አያይዛ መላክ ጀምራለች።

«ሠራተኞቹ ጊዜ የላቸውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ይሰለፍባቸዋል። ግን ያ ሰውዬ ኪቦርዱ ላይ የጻፈው ምን ነበር? ምክንያቱን መሰለኝ። ለኮምፒውተሩ የተነገረ ነገር ለእኔ በአንድ መስመር ቢደርሰኝ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? «ሥራ ከጀመርክ ገና አምስት ወርህ ነው።» «የጉዞህ ወጪ ከገቢህ ጋር አይመጣጠንም።» በቃ። የጸጥታ ምስጢር ያለበትን ጉዳይ ይያዙት። አሜሪካ ለጊዜያዊ ጉዞ የሚያመለክቱትን በብዛት የምትከለክለው ግን በዚያው በ214 ቢ ነው፤ እሱ ውስጥ የስለላ ምስጢር የለም።

የምክንያት ዋጋ የገባኝ ሁለተኛ ሳመለክት ነው። የከፈልኩት አይመለስም፤ እንደገና ከፈልኩ። ቅጹን እንደገና ሞላሁ። ምን ላስተካክል? ሥራዬ ያው ነው፣ ደመወዜ ያው ነው፣ የምሄድበት ምክንያትም ያው። ያለኝን ሁሉ አይቼ የሚቀየር ነገር ሳጣ ሸሚዜን ቀየርኩ። ሰማያዊ ለበስኩ። የዚያን ቀን ሌላ መስኮት ደረሰኝ። ሴትየዋ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝና ፓስፖርቴን አስቀረችው። ፋይሉን እሷም አልከፈተችውም።

ቪዛው ተመታልኝ። ለምን እንደተሰጠኝም አላውቅም። ሸሚዙን ግን ከዚያ ወዲህ ለቀጠሮ ሁለት ሰው ተውሶታል።