ለሠርግ ስንት እናውጣ ብሎ መጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

ጎንደር ላይ ሠርግ ሲታሰብ የማይነሳ ነገር የለም። ቀኑ ይነሳል። ሚዜው ይነሳል። መኪናው፣ የቀሚሱ ቀለም፣ ቪዲዮ አንሺው ይነሳል። ስንት ብር አለን የሚለው ግን አይነሳም። ያነሳ ሰው ወይ ንፉግ ነው፣ ወይ የሰው ደስታ አይወድም፣ ወይ ፈረንጅ አገር ኖሮ ልቡ ደንድኗል። እኔ ሦስቱንም ተብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ የእህቴ ልጅ አገባች። አባቷ መምህር ነው። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ሲመክር አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ለመሆኑ በእጃችን ያለው ስንት ነው?» አልኩ። አጎቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛ የተሰበሰብነው ልጅ ልንድር ነው፤ ሱቅ ልንከፍት አይደለም» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ጥያቄውም እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ አዳራሽ ተያዘ። ዲኮር ተያዘ። ዲጄ ተያዘ። የሙሽሮቹ መኪና ሌላ፣ የሚዜዎቹ ሌላ ተከራየ። ከላይ የሚበር ካሜራ ሳይቀር መጣ። ሠርጉ አማረ፤ አላማረም አልልም። ሁሉም ካለፈ በኋላ ግን እህቴ ማጀት ወስዳ ነገረችኝ። ባሏ ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተበድሯል። ከዘመድም ተበድሯል። እቁቡንም ቀድሞ አውጥቶ ጨርሶታል። ሙሽሮቹ ደግሞ የገቡበት ኪራይ ቤት ውስጥ ፍራሽ እንጂ ጠረጴዛ የላቸውም። ቪዲዮውን ግን አላቸው።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ጠረጴዛ የሌላቸው ሙሽሮች።

የምኖረው ጀርመን አገር ነው። እዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስታገባ የጥሪ ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን አልረሳውም። ዕቃ አትግዙልን፣ አብረን መኖር ከጀመርን ቆይተናል፣ ስጦታ መስጠት የሚፈልግ በፖስታ ያድርግልን ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ኬክ የሚጋግር ሰው ስሙንና የኬኩን ዓይነት ያስመዝግብ ይላል። አክስቶቿ ጋገሩ። ጎረቤቶቿ ጋገሩ። የአለቃችን ሚስት የፖም ኬክ ይዛ መጣች። አዳራሹ የመንደሩ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ነበር። ወንበሩን የደረደሩት የሙሽራው ወንድሞች ናቸው። አንድም ሰው «ምነው ድህነት ነው?» አላለም። ሙሽራዋ ራሷ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ቦታ መጥታ ስንት እንዳወጡና ምን ያህል እንደተረፋቸው በግልጽ ነገረችን። በተረፈው ወጥ ቤታቸውን አሠሩ።

ጀርመን ውስጥ ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሩ በሕግ የሚታወቀው ጋብቻ በመዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመው ነው። ብዙ ሰው እዚያ ይፈራረማል፣ ከቅርብ ቤተሰቡ ጋር ምሳ ይበላል፣ አለቀ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ከፈለገ ነው። ከሠርጉ በፊት ባለው ምሽት ደግሞ ፖልተርአብንት የሚሉት ልማድ አላቸው። ጎረቤትና ጓደኛ አሮጌ ሳህንና ስኒ ይዞ ይመጣና ደጃፍ ላይ ይሰብራል። ሙሽሮቹ አብረው ይጠርጉታል። ለዚህ ምሽት በየስሙ ጥሪ አይላክም፤ የሰማ ይመጣል። ሰው ሰላጣውን ይዞ ይመጣል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ቢራ ይጠጣል። በተሰበረ ሳህን ይህን ያህል ሳቅ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር።

የልጆች ልደትም እንደዚሁ ነው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አምስት ጓደኛ ይጠራል የሚሉት ደንብ አላቸው። ብዙ ወላጅ ይጠቀምበታል። የመጫወቻ ሱቁ ውስጥ ደግሞ በልጁ ስም ሣጥን ይቀመጣል። ልጁ ሄዶ የሚፈልገውን ይመርጥና ሣጥኑ ውስጥ ያስገባል። የጓደኞቹ ወላጆች ከዚያ ውስጥ አቅማቸው የሚችለውን ያነሳሉ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መኪና አይገዛም። ለገና በየመሥሪያ ቤቱ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ለደረሰው ለአንድ ሰው ብቻ ይገዛል፤ ዋጋውም ከ10 ዩሮ እንዳይበልጥ ተብሎ አስቀድሞ ይነገራል። ቁጥሩ ይነገራል! የሚያፍርበት የለም።

ይህን ስል ሁሉ ነገራቸውን ወድጄላቸው አይደለም። እንግዳ በወንበር ልክ መቁጠራቸው ዛሬም አይዋጥልኝም። ስሙ ያልተጻፈ ጎረቤት ሙዚቃውን በመስኮት ይሰማል። የኛ ቤት በር ለቆሎ ተማሪም ለመንገደኛም ክፍት ነው። ይህ እንዲቀር አልፈልግም፤ ይቀራል ብሎ የሚነሳ ቢኖር ቀድሜ የምጣላው እኔ ነኝ። ገንዘባችንን እየበላ ያለውም እሱ አይደለም። እንጀራና ወጥ ያደኸየው ቤተሰብ አላየሁም። የሚያደኸየው ዲኮሩ ነው፣ መኪናው ነው፣ ካሜራው ነው።

ደግሞስ ቆጥቦ መደገስን ከጀርመን መማር ያስፈልገን ነበር? እናቶቻችን እኮ ተክነውበት ነበር። የእኔ እናት ልጆቿን ስትድር በርበሬው የተገዛው ወራት አስቀድሞ፣ አዲሱ ሲገባና ሲረክስ ነው። ጤፉ ከደንቢያ በዘመድ በኩል መጣ። ቅቤው ከደባርቅ በኩል እየተጠራቀመ ቆየ። ጌሾና ብቅል ከቅዳሜ ገበያ ተገዛ። ጠላው ቤት ተጠመቀ። ድስቱ፣ ጋኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድንኳኑ የእድር ነው። ሽንኩርት የሚላጠው ደግሞ የሰፈር ሴት ሁሉ የየራሷን ቢላዋ ይዛ መጥታ ነው። ያ ሽንኩርት ከተፋ ራሱ ድግስ ነበር። ቡና ይፈላል፣ ይዘፈናል፣ ሙሽሪት ትመከራለች። ድፎ ዳቦ የምትጋግረው አንዷ ናት፤ ዶሮ የምትበልተው ሌላዋ ናት። ማን ምን እንደሚችል ሰፈሩ ያውቃል። የጀርመኗ ሙሽራ በወረቀት ያስመዘገበችውን የኛ ሰፈር ሳይጻፍ ይሠራው ነበር።

ዘንድሮ የእድሩ ድንኳን መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። የእድሩ ወንበርም አልተነካም። «ፎቶ ላይ አያምርም» ተባለ። ምግቡ ለኬተሪንግ ተሰጠ። የሰፈር እናቶች እንደ እንግዳ ለብሰው መጥተው ተቀመጡ። ከልጅነቴ የማውቃቸው አንዲት ጎረቤታችን አጠገቤ ነበሩ። እናቴ እኛን ስትወልድ ገንፎ ያገነፉ ሴት ናቸው። ለዚህ ቤት ያልጠመቁት ጠላ የለም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እኔ ሞቻለሁ እንዴ ልጄ? የዚችን ልጅ ድግስ የማላውቀው ሰው የሚሠራው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ገንዘቡንም ከሰርን፣ እሳቸውንም አስከፋን። በአንድ ወጪ ሁለት ኪሳራ።

ወደ ቀሚሱ ልመለስ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ለሠርጉ ቀን የሙሽሪት ቤተ ዘመድ ሴቶች አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ስፌት። ለመልሱ ሌላ። ለቅልቅሉ ደግሞ ሌላ። ሁሉም በየራሱ ገንዘብ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ማማርን እወዳለሁ። ግን የጥምቀት ቀሚስ ለፋሲካም ይለበሳል፣ ለክርስትናም ይለበሳል፣ ለሚቀጥለው ሠርግም ይለበሳል። ይሄ አንድ ዓይነት ጨርቅ የተባለው ግን አንዴ ተለብሶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። «ያኔም ለብሳው ነበር» እንዳይባል። የአክስቴ ልጅ ሁለት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። ጨርቁን መግዛት ስላልቻለች መልሱ ላይ አልመጣችም። «አሞኛል» አለች። ያመማት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግን «ባለሽ ልብስ ነይ» ብሎ አልደወለላትም። ቆንጆ የሽማኔ ቀሚስ ነበራት እኮ።

ይህ ሁሉ ወጪ ሲደረግ ዋናው ነገር ምን ያህል ገንዘብ ጠየቀ? ተክሊልና ቁርባኑ፣ ሙሽሮቹን ባልና ሚስት ያደረጋቸው ጸሎት፣ ከሁሉም ያነሰውን ወጪ የጠየቀው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለፎቶ ፋሲል ግንብ፣ ከዚያ ጎሃ ተራራ ላይ፣ እንግዳ አዳራሽ ውስጥ በረሃብ ሲጠብቅ።

የተዝካሩን ነገር በአጭሩ ላንሳውና ልለፈው፤ ሐዘን ያለበት ነገር ነውና። ጀርመኖች ከቀብር ሲመለሱ ቡናና የቅቤ ኬክ፣ አንዳንዴም ሾርባ ቀምሰው፣ ስለ ሟቹ ተጫውተው ይለያያሉ። እኛ ዘንድ በሽታ ያሟጠጠው ቤት በአርባኛው ቀን በሬ ይጥላል። ሟቹ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ መድኃኒት መግዣ ያልመጣው ዘመድ ለተዝካሩ ከሩቅ ይመጣል። ከዚህ በላይ ብናገር እበሳጫለሁ።

ስጦታውስ? ውጭ አገር ያለን ሰዎች ሁለት ሻንጣ፣ 46 ኪሎ ይዘን እንመጣለን። ሻንጣውን ስንሞላ ወራት ይፈጃል። ለዚህ ጫማ፣ ለዚያ ሽቶ፣ ለዚህ ስልክ፣ ለሁሉም ቸኮሌት። ጎንደር ስንደርስ ጫማው ይጠባል፣ ሽቶው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ቸኮሌቱ ይቀልጣል። በዚያው ገንዘብ ለእናት አንድ የሽማኔ ጋቢ፣ ለእህት ልጅ የዓመት ደብተርና የደንብ ልብስ ከዚያው ከተማ ቢገዛ የጎንደር ሸማኔም ይበላ ነበር። ወይም ወንድምና እህት ተመካክረን እንደዚያ የገና ዕጣ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ብቻ ይግዛ ብንል። ይህንን ለቤተሰቤ አቅርቤ ነበር። «ታዲያ ሌላው ምን ሊል ነው?» ተባልኩ። ምንም አይልም! ሁሉም አንድ አንድ ስጦታ ያገኛል እኮ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። ዩሮውም አብሮ ወጣ። «ያንቺ ገንዘብ እኮ እጥፍ ሆነ» ይሉኛል። ዘይቱስ ስንት ሆነ? በሬውስ? የቤት ኪራዩስ? የእኔ ደመወዝ በዩሮ ያው ነው፤ የማስታምማት አሮጊት ጀርመናዊት ስለ ብር ምንዛሪ የምታውቀው ነገር የለም። ሌሊት የምሠራበት ሰዓት አልቀነሰም። ስልኩ ግን በዝቷል። ለልደት ኬክ ላኪ። ለምርቃት ጋዋን ላኪ። ለቪዲዮ ላኪ። ለመድኃኒት ብሎ የደወለ ግን አላየሁም፤ ሰው ሲታመም የምሰማው ከዳነ ወይም ከሞተ በኋላ ነው። ይሄ ነው ልቤን የሚያደማው። ለመድኃኒት ደውሉልኝ እንጂ! ለመድኃኒት ከሌለኝ ተበድሬም እልካለሁ።

አሁን ታናሽየዋ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ጦርነቱ መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ከዳባትና ከበለሳ የሚመጣው ዘመድ ይድረስ አይድረስ አይታወቅም፤ እነሱ ግን ስለ ሊሞዚን እያወሩ ነው። እህቴን ደውዬ በግልጽ ነገርኳት። ለመኪና አልሰጥም። ለዲኮር አልሰጥም። ለአንድ ዓይነት ጨርቅ አልሰጥም፤ እኔም አልለብስም። የአልጋውን፣ የጠረጴዛውንና የስድስቱን ወንበር እኔ እከፍላለሁ፤ የታላቅየዋንም ጭምር። ጌሾና ማሩ በእኔ ነው። ድንኳኑ የእድር ይሁን። ጠላውን እኒያ ጎረቤታችን ይጥመቁት፤ ሄዳችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው አልኳት።

«ሰው ፊት ልታዋርጂን ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ተቀይማኛለች። ነገ መልሼ እደውላለሁ፤ አናጺው እንጨቱን እንዲቆርጥ የሁለቱንም ቤት ስፋት ለክታ ልትነግረኝ ይገባል።