ሚቴን ሚቴን ስንል መኖው ተረሳ

ስለ ላም የሚወጣ ሳይንሳዊ ዜና ከሆነ፣ ገና ሳልከፍተው ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። የላም ግሳት ዓለምን እያሞቀ ነው። አንድ አዲስ ዱቄት ግሳቱን ቀነሰ። የባሕር አረም ደግሞ ከዱቄቱ የበለጠ ቀነሰ። በቃ፣ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ጉዳዩ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባኛል። ከግሳቱ ጋር የሚወጣው ሚቴን የተባለ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል። የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው በአፍ ነው እንጂ እንደሚቀለድበት በኋላ በኩል አይደለም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። የምትራበው፣ የምትታመመው፣ ወተቷ የሚነጥፈው ላም ከወሬው ወጥታለች። የቀረችው ጋዝ የምታወጣዋ ብቻ ናት። የምርምሩ ትኩረትም ወደዚያው እየተሳበ ይመስለኛል።

እስቲ ከሆዷ እንነሳ። ከአራቱ የሆዷ ክፍሎች ትልቁ ሩመን ይባላል። በአንድ ትልቅ ላም ውስጥ 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ሙቀቱ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኦክስጅን የለበትም ማለት ይቻላል። ከፈሳሹ አንዲት ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር ብታስቀምጡ ሲርመሰመስ ታያላችሁ። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ብቻ ቢሊዮኖች ባክቴሪያ አሉ። ፕሮቶዞዋም አለ፣ ፈንገስም አለ። ፈንገሶቹማ ለረጅም ጊዜ ፕሮቶዞዋ ተብለው ነው የኖሩት። ማንነታቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

ላሟ ራሷ ጭድን የሚሰብር ኢንዛይም አትሠራም። ሥራው የእነዚህ ነው። ጭዱን ሲያብላሉት አሲድ ያወጣሉ። ላሟ ከምታገኘው ጉልበት ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ከዚህ አሲድ ነው። ተህዋስያኑም ተራቸው ሲደርስ ከምግቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ይፈጫሉ፣ ፕሮቲን ይሆኗታል። ገበሬው በቀጥታ የሚቀልበው እነሱን ነው። ላሟ መጀመሪያ የእነሱን ትራፊ፣ ኋላም እነሱኑ ትበላለች።

ፊንላንዳዊው አርቱሪ ቪርታነን ይህን እስከ ጥግ ወስዶ ፈተነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው፤ ለሽልማቱ ካበቁት ሥራዎች አንዱ እርጥብ መኖ ሳይበላሽ የሚቆይበት ዘዴ ነው። በ1960ዎቹ ላሞቹን ፕሮቲን የሌለው መኖ አበላቸው። ናይትሮጂን የሰጣቸው ከዩሪያና ከአሞኒየም ጨው ብቻ ነበር። ላሞቹ ታለቡ። ፕሮቲኑን የሠሩላቸው ተህዋስያኑ ናቸው። (ይህን አንብቦ ዩሪያ በጣሳ የሚሰጥ እንዳይኖር አደራ። ሲበዛ አሞኒያ ይሆንና እንስሳውን ይገድላል።)

ጭድ ብቻ የሚበላ ከብት የሚከሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጭድ ውስጥ ናይትሮጂን ትንሽ ነው። ናይትሮጂን ከሌለ ተህዋስያኑ አይባዙም። እነሱ ካልበዙ ጭዱ ቶሎ አይፈጭም፣ ሩመን ውስጥ ተጎልቶ ይከርማል። ቦታ ስለሌለ ከብቱ ሌላ አይበላም። ሆዱ ሞልቶ ይራባል። ይህ ለአንድም ጋዜጣ ርዕስ አይሆንም።

ኮባልት የተባለውን ማዕድን ታሪክ የምወደውም ለዚህ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ሣሩ ለምለም፣ ከብቱና በጉ ግን አጥንቱ የወጣ መሬት ነበር። እንስሳቱ ግጦሽ መሃል ቆመው ይመነምናሉ፣ ደም ያንሳቸዋል፣ ይሞታሉ። ደም ማነስ ካለ የጎደለው ብረት ነው ተባለና ብረት ያለው ማዕድን ተሰጣቸው። አንዳንዱ ዳነ፣ አንዳንዱ አልዳነም። ነገሩ ግራ አጋባ። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ኤሪክ አንደርዉድና ባልደረባው ፊልመር ማዕድኑን ወስደው ብረቱን አወጡለት። ብረት አልባው ቅሪት ያድን ነበር! እየለዩ እየለዩ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1935 ኮባልት ላይ ደረሱ። ብረቱ ከኮባልት ጋር ስለተቀላቀለ ብቻ ነው ስም ያወጣው።

መጠኑን ስታዩት ይገርማችኋል። ለአንድ በግ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ ይበቃል። ለምን እንደሚያስፈልግ የገባን ግን ቫይታሚን ቢ12 እ.ኤ.አ. በ1948 ተለይቶ ከወጣ በኋላ ነው። ቢ12 መሃሉ ላይ ኮባልት አለ፣ የሚሠሩትም የሩመን ባክቴሪያዎች ናቸው። አሁንም ወደ እነሱ ተመለስን።

ሉኪኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍም ሌላ ምስክር ነው። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ግን ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለበት። አውስትራሊያ ውስጥ ብዙ የበሉት ከብቶች ፀጉራቸው ይረግፍ፣ እንቅርት ያወጡ ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ የሃዋይ ፍየሎች ይህንኑ ዛፍ እየበሉ ደህና መሆናቸውን ልብ አለ። ልዩነቱ ሆዳቸው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ሩመን ሲገባ መመረዙ ቆመ፣ ከአንዱም ወደ ሌላው ተዛመተ። ኋላም በእሱ ስም ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ተባለ።

አሁን ወደ ዱቄቱ ልመለስ። ሦስት-ኤንኦፒ የተባለው ውህድ በወተት ላሞች ላይ ሚቴንን ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቅዶታል። ቀዩ የባሕር አረም በአንዳንድ ሙከራዎች ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ሥራው እውነት ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ሦስት-ኤንኦፒ ሩመን ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ቀኑን ሙሉ ከመኖው ጋር እየተቀላቀለ መሰጠት አለበት። በረት ውስጥ ታስራ የተመጠነ መኖ ለሚቀርብላት ላም ይሆናል። ሜዳ ላይ ስትግጥ ለምትውለውስ? በዓለም ላይ ካሉት የሚያመሰኩ እንስሳት ስንቶቹ ናቸው ዱቄት ተመዝኖ የሚቀርብላቸው?

ከበላችው መኖ ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በሚቴን መልክ ይባክናል። ወተት የማትሰጥ የከሳች ላምም ታገሳለች። የምትበላው ሁሉ ነፍስ ለማቆየት ያልቃል፣ ጋዙ ግን ይወጣል። መኖዋ ሲሻሻል ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ሚቴን ይቀንሳል። እርግጥ በደንብ የበላች ላም በቀን የምታወጣው ጋዝ ሊጨምር ይችላል፤ የከብቱ ቁጥር ካልቀነሰ ጠቅላላው ላይወርድ ይችላል። ይህን ሸፍኖ «መኖ ሁሉን ይፈታል» ማለትም ትክክል አይደለም። ቢሆንም ለከብቱም ለባለቤቱም የሚተርፈው መንገድ ይኸኛው ነው።

ኮባልት ለግጦሽ ከብት እንዴት እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ? ከባድ እንክብል ይውጣል። ከክብደቱ የተነሳ ሆድ ውስጥ ይቀመጥና ለወራት ቀስ እያለ ይሟሟል። ለሚቴንም እንዲህ ያለ እንክብል ለመሥራት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ። ገንዘብ የሚመድበው እኔ ብሆን ለእነሱ እሰጥ ነበር። ቅድመ ሁኔታዬም አንድ ነው፦ እንክብሉ ከብቱ የጎደለውን ማዕድን አብሮ ይያዝ፣ ጥናቱም ከሚቴኑ ቁጥር አጠገብ ክብደቱንና ወተቱን ይጻፍልን።