ይድረስ ስማቸው እንዳይገለጽ ለፈለጉት የምርጫ ለጋሽ

ጉዳዩ፦ ስምዎን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ (ወይም ክብርት፤ ወይም አክሲዮን ማኅበር፤ ማን ያውቃል?)

ያሉበትን ስለማላውቅ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በምርጫ ሰሞን ግን ተለይተውኝ አያውቁም። ሬዲዮ ስከፍት እርስዎ ነዎት፤ ስልኬን ስነካ እርስዎ። ግድግዳው ላይ ፈገግ ያለው ዕጩ ፊቱ የራሱ ቢሆንም ወረቀቱም ቀለሙም ሙጫውም የእርስዎ ነው።

ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ የሚለውን ቃል እንደ እርስዎ የጠበቀ የለም። ግራ እጅዎ አያውቅም፣ ምርጫ አስፈጻሚው አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። የሚያውቀው ተቀባዩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ውለታ አይረሳም፤ ጨረታ ሲወጣ፣ የግብር ሕግ ሲሻሻል ድንገት ትዝ ይሉታል።

ድሮ ሥራዎ አድካሚ ነበር። ድምፅ በአደባባይ ይሰጥ በነበረበት ዘመን መራጩን አንድ በአንድ እየዞሩ፣ እያበሉና እያጠጡ ይገዙ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እ.ኤ.አ. በ1856 የአውስትራሊያዎቹ ቪክቶሪያና ሳውዝ አውስትራሊያ ምስጢራዊ ድምፅ አመጡብዎ። መራጩ መጋረጃ ውስጥ ገባ። ገንዘብዎን ተቀብሎ ለሌላው ምልክት ቢያደርግስ? ማን አየው? እርስዎም ብልህ ነዎትና ችርቻሮውን ትተው ጅምላ ገቡ፤ ሺህ መራጭ ከማባበል አንድ ተመራጭ ይሻላል። ሲሄዱ ግን መጋረጃውንም ይዘው ሄዱ። ድሃውን ከእርስዎ ዓይን ለመከለል የተሰፋው ጨርቅ ዛሬ እርስዎን ከድሃው ዓይን ይከልላል።

ጠበቆችዎ ገንዘብ ማውጣት መናገር ነው ይላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1976 የዘመቻ ወጪን መገደብ ንግግርን መገደብ ነው ብሏል፤ በ2010 ደግሞ ኩባንያዎች ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ያሻቸውን እንዲያወጡ ፈቅዷል። ይሁን፣ ይናገሩ። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት በዚያው በ2010 ውሳኔ የገንዘቡ ባለቤት ይገለጽ የሚለውን ሕግ አጽንቶታል። ያቺን ገጽ ጠበቆችዎ ዘለሏት መሰለኝ።

ወዳጅስ እንደ ሄልሙት ኮል! የጀርመን ሕገ መንግሥት ፓርቲዎች የገንዘብ ምንጫቸውን እንዲገልጹ ያዛል። መራሔ መንግሥት የነበሩት ኮል ግን ያልተመዘገበ ልገሳ መቀበላቸውን ካመኑ በኋላ፣ ለለጋሾቹ የክብር ቃል ሰጥቻለሁ ብለው እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪያርፉ ድረስ አንድም ስም በአደባባይ ሳይጠሩ ቀሩ። ለሕገ መንግሥቱም ምለው ነበር፤ እሱ ግን ምንም አልለገሳቸውም።

ህንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ስም የማይጻፍበት ቦንድ ከመንግሥት ባንክ እየገዙ ለፓርቲ ያስረክቡ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 የመራጩን የማወቅ መብት ይጥሳል ብሎ ሻረብዎ፤ የገዢዎቹም ዝርዝር ወጣ። ሰማይ ተደፋ እንዴ?

አንዳንዴ አዝንልዎታለሁ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ቢባልም መንገዱ ሁልጊዜ ቤተ መንግሥት አያደርስም። አሜሪካዊው ቢሊየነር ማይክል ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ2020 የፓርቲያቸው የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ከኪሳቸው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሰው ያሸነፉት አሜሪካን ሳሞአ የምትባለውን ትንሽ የፓስፊክ ደሴት ግዛት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን የከሰሩት በስማቸው ነው። እርስዎ ቢከስሩ እንኳ ማን ነፍስ ይማር ይልዎታል?

እንዲተዉት አልለምንዎትም፤ አይተዉትም። የምጠይቀው ቀላል ነው፦ ማን እንደሆኑ፣ ስንት እንደሰጡና ለማን እንደሰጡ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያስታውቁን። ከምርጫው ሁለት ዓመት በኋላ በሚወጣ የኦዲት ሪፖርት አባሪ ላይ አይደለም፤ በፊት። የወንድምዎን ልጅ ድርጅትና እሱ ያቋቋመውን ማኅበር ሳይሆን የራስዎን ስም። እኔ እኮ አንዲት ድምፅ ለመስጠት ስሜን፣ ዕድሜዬንና አድራሻዬን አስመዝግቤ፣ መታወቂያ አሳይቼ፣ ተሰልፌ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

አንድ የተመዘገበ መራጭ

ግልባጭ፦
ለዕጩው (በእጅዎ ቢያደርሱልኝ፤ እኔ ቀጠሮ አላገኘሁም)