ነቅሎ መትከል የሚባል ጥበብ

እስቲ ዛሬ እንኳን ሰው እናመስግን። ቅዳሜ ለት ቪትዜን ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዥ ሄድኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ያቺ ብርቱካናማ የሞተር መብራት ጠፋችልኝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከፍዬ ወጣሁ። ሰፈር ሳልደርስ በራች። የእናንተም እንደዛው ነው፣ አትዋሹ።

ጎበዙ ባለሙያችን ማሽኑን መሪው ስር ሰካ፣ ፒ 0603 የሚል ኮድ ወጣ፣ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ "ሚሞሪ ነው" አለኝና አጠፋው። መብራቷ ስትመለስበት ደግሞ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፣ ሻይ ጠጣ፣ መልሶ ተከለ። አቤት ጥበብ! የመኪናው ኮምፒውተር እኮ በይቺ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚለው "ከባትሪ በቋሚነት የሚመጣልኝ ኃይል እየተቋረጠ የያዝኩት ሁሉ እየጠፋብኝ ነው" ነው። መድኃኒቱ ባትሪ መንቀል ሆነ።

ኮምፒውተሩን እንደ እድራችን ጸሐፊ እንየው። ማታ መዝገብ ሲጽፍ መብራት ድርግም እያለበት ማን ከፈለ ማን ቀረ ይምታታበታል፣ ምስኪኑ "መብራት አስተካክሉልኝ" ብሎ በር ላይ ይለጥፋል። እኛ ወረቀቱን ቀደድን። በነጋታው ለጠፈ። አሁን መብራቱን ራሱ አጥፍተን አበራንና "ዳነ!" ብለን ተሳሳምን። እሱ ግን ሁሉንም ስለረሳ ቤት ለቤት እየዞረ "እርስዎ ከፍለዋል?" ሆነ ሥራው (ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ መኪናው ቆሞ ሲሠራ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው፣ የለመደውን እንደ አዲስ ሊማር)። ሦስተኛ ሲለጥፍ "አብዷል" ተባለና ከመለዋወጫው ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ጸሐፊ ተገዛ፣ ያውም የሌላ እድር መዝገብ በብብቱ እንደያዘ! መጥቶ ድንኳን በር ላይ ቆመና የእድሩን ዳኛ "አላውቅዎትም፣ አይገቡም" አላቸው። የመኪናውን ኮምፒውተር ቀይራችሁ ቁልፋችሁ አላስነሳም ሲል ነገሩ ይሄው ነው፣ "ፕሮግራም ይደረጋል" ተብሎ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። አምፖሉን ቀና ብሎ ያየ ግን የለም።

መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር የሚለጥፉት ይሻላሉ፣ እነሱ ቢያንስ ብር አይቀበሉም።

እዚህ ጋ ቀልዱ ይቅርብኝ። በዛች መኪና ልጆቹን የሚያበላ ሰው አለ። ኮዱ 0601 ቢሆን እሺ፣ ኮምፒውተሩ ሚሞሪውን ሲፈትሽ ሂሳቡ አልገጠመለትምና ጥርጣሬው ያስኬዳል። ግን ቴስተር አውጥተህ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ አለ ወይ፣ ሲነሳስ 14 ይጠጋል ወይ ሳትል፣ ፊውዝ ሳታይ፣ የኔጋቲቩን ገመድ ሳትነካ "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል" ብለህ ያን ሰው ብድር ውስጥ መክተት ሌብነት ነው። ሌላ ስም የለውም።

እሁድ ኮፈኑን ራሴ ከፈትኩት። የባትሪው ጫፍ ነጭ ዱቄት ለብሷል፣ ማሰሪያው በሁለት ጣት ይዞራል። ሙቅ ውሃ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አስር ቁጥር ቁልፍ፣ አለቀ። ሰኞ ሄጄ ስነግረው ባለሙያችን "እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለኝ። ከዛ ማሽኑን ይዞ መጣ፣ የቀረ ኮድ ካለ ላጥፋልህ፣ ለደንበኛ በግማሽ ነው።